የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው

በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለንባብ የተዘጋጀ

ይህችን ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ታነቧታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ሥራ ቦታ ሻይ እየጠጣችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ሆስፒታል ተራ እየጠበቃችሁ። የትም ሁኑ፣ እስቲ ለጥቂት ደቂቃ አብረን እንቀመጥ። የዛሬው ክፍላችን መዝሙር 42 ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁ አጠገባችሁ ካለ ግለጡት፤ ከሌለ ደግሞ ቤት ስትገቡ ታነቡታላችሁ።

አበው ሲተርቱ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ። ሁላችንም የምናውቀው ተረት ነው። በረሃ መካከል ያለ ሰው ቢጠማ ማንም አይገረምም። በወንዝ ዳር ተወልዶ፣ የወንዙን ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ሲጠማ ግን ይገርማል፤ ያሳዝናልም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ስለሚጠማ ሰው ነው። እየዘመረ ስለሚጠማ፣ እያገለገለ ስለሚጠማ፣ አዎ፣ እየሰበከም ስለሚጠማ ሰው ነው።

አንተ ትሆን? አንቺ ትሆኚ? እስቲ መጀመሪያ መዝሙሩን እንይ።

በፏፏቴ ድምፅ መካከል የተጠማ ዘማሪ

መዝሙር 42 ከላይ ርእሱ ላይ የቆሬ ልጆች ይላል። የቆሬ ልጆች እነማን ናቸው? በእግዚአብሔር ቤት የሚያገለግሉ፣ ለዝማሬ የቆሙ ሌዋውያን ናቸው። እንግዲህ አስተውሉ፤ እዚህ ጋ ተጠማሁ የሚለው እግዚአብሔርን የማያውቅ ሰው አይደለም። ዘማሪ ነው። በእኛ አነጋገር ኳየር ውስጥ ያለ ሰው ነው።

ይህ ሰው ነፍሱን ውሃ ፍለጋ ከምታለከልክ ዋላ ጋር ያመሳስላታል። እንባው ቀንና ሌሊት ምግብ ሆኖታል። ሰዎች አምላክህ ወዴት አለ እያሉ ይጠይቁታል። ቁጥር 4 ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፤ ድሮ ከሕዝቡ ጋር፣ በእልልታና በምስጋና፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረበት ጊዜ። ያ ትዝታ ነፍሱን ያፈሰዋል።

አሁን የት ነው ያለው? ቁጥር 6 የዮርዳኖስን ምድርና አርሞንዔምን ይጠቅሳል። አርሞንዔም በሰሜን ያለ ትልቅ ተራራ ነው። በረዶው ሲቀልጥ በግርጌው ምንጮች ይፈልቃሉ፤ ዮርዳኖስም የሚጀምረው ከዚያ አካባቢ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ፏፏቴ አለ። ስለዚህ ቁጥር 7 ላይ ዘማሪው ስለ ፏፏቴ ድምፅ ሲናገር፣ ጥልቁ ጥልቁን ሲጣራ ሰማሁ ሲል፣ ዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው። ያ ሁሉ ውሃ ግን ለእርሱ የሚያልፍበት የመከራ ማዕበል ሆኖ ነው የተሰማው።

ይሄ ሰው ጆሮው በውሃ ድምፅ ተሞልቷል፤ ነፍሱ ግን ደርቃለች። ተረቱ ማለት ይሄ ነው!

ወገኖቼ፣ ይህን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ አንብቤዋለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም ተምሬዋለሁ። ከዓይኔ ፊት ሥጋ ለብሶ የቆመው ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ነው።

ጢሱ የት ሄደ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄደን ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው። ኮንፈረንሱ እሑድ ማታ አለቀ፤ ሰኞ ጠዋት፣ ከመመለሳችን በፊት፣ ፏፏቴውን ሳናይማ አንሄድም ተባባልን። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ በመጀመሪያ ያገኘነው የድንጋዩን ድልድይ ነው። ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ይኸው ዛሬም ሰውና አህያ ይሻገሩበታል። ከዚያ ዳገቱን ስንወጣ ሕፃናት ነጠላና ቅል ይዘው ግዙን እያሉ ተከተሉን።

ከመካከላችን ሁለቱ ወጣቶች ነበሩ። ሦስተኛው በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው የረጅም ዘመን አገልጋይ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ጋሼ ፏፏቴውን በወጣትነታቸው አይተውታል። መንገዱን ሙሉ ሲያወሩልን የነበረው ስለ እርሱ ነው። ቆይ ብቻ፣ ገና ሳትደርሱ ድምፁን ትሰማላችሁ፤ አጠገቡ ስትቆሙ ደግሞ ተጯጯሁ እንጂ አትደማመጡም፤ ልብሳችሁም በጭጋጉ ይርሳል ይሉን ነበር።

እውነታቸውን ነው። የቦታው ስም ራሱ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል የሚወርደው ውሃ ተፈጥፍጦ፣ ተኖ፣ እንደ ጢስ ወደ ሰማይ ስለሚወጣ ነው ጢስ ዓባይ የተባለው። ክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል። የድሮዋን የወረቀት 1 ብር የምታስታውሱ፣ ፊቷ ላይ የልጅ መልክ፣ ጀርባዋ ላይ ይሄው ፏፏቴ ነበር። በየኪሳችን ይዘነው ስንዞር ኖረናል ማለት ነው።

ደረስን። ምን ልበላችሁ፤ ገደሉ ቆሟል። ጥቁሩ ዓለት ከዳር እስከ ዳር ራቁቱን ይታያል። በአንድ በኩል ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ እንደ ክር የቀጠነ። ጢስ የለም። የምንነጋገረውም በተራ ድምፅ ነበር፤ መጮህ አላስፈለገንም።

ሁለቱ ወጣቶች ግን በጣም ደስ አላቸው! ዋው፣ እንዴት ያምራል እያሉ ፎቶ ይነሳሉ። ሙሉውን አይተው አያውቁማ! ጋሼ ዝም ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ሄጄ ስቀመጥ ዓይናቸውን ከገደሉ ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፤

«ፓስተር፣ ይሄ ገደል እኔን ይመስላል። ሰው አሁንም ሊያየኝ ይመጣል። ስሜም እንደ ድሮው ይጠራል። ውሃው ግን የለም።»

ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልሁ። ስንመለስ በመንገድ ላይ ቀስ እያሉ አወጉኝ። በደርግ ጊዜ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው በሚሰበሰቡበት ዘመን፣ እርሳቸው ወጣት ዘማሪ ነበሩ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ያኔ ድምፃችን አይሰማም ነበር አሉኝ፤ ልባችን ግን ይፈስ ነበር።

«አሁንስ ጋሼ?» አልኋቸው።

«አሁንማ ሁለት ሱቅ አለኝ። ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ሕዝብ ፊት ስጸልይ አሁንም ሰው አሜን ይላል። ለብቻዬ የተንበረከክሁት መቼ ነው ብትለኝ ግን ቀኑን አላስታውሰውም። ባለቤቴ በቀደም ምን አለችኝ መሰለህ? አንተ ድሮ በር ዘግተህ ነበር የምትጸልየው፤ አሁን ግን ማይክ ስትይዝ ብቻ ነው አለችኝ።»

ውድ አንባቢዬ፣ ይህን ቃል በቀላሉ አትለፈው። ማይክ ስትይዝ ብቻ። እኛ ድምፅ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ይሄ ቃል ለእኛ ነው። ጌታ በራእይ 3 ላይ ለሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ታስታውሳለህ? ሕያው የሚያሰኝ ስም አላት፤ እርሱ ግን ሞታለች አላት። ጢስ የሚባል ስም አለ፤ ጢስ ግን የለም። የወጣቶቹን ነገር ደግሞ አስቡት፤ ሙሉውን ውሃ ያላየ ትውልድ ይህችን ክር የመሰለች ውሃ አይቶ ሙላቱ ይሄ ነው ብሎ ያምናል። ልጆቻችን ጸሎት ማለት፣ ቅባት ማለት፣ መንፈሳዊ ሕይወት ማለት እኛ ላይ የሚያዩት ነው ብለው ያድጋሉ። አባት ሆይ፣ እናት ሆይ፣ ልጅሽ ምን እያየ ነው?

ውሃውን ሌባ አልወሰደውም

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ውሃው የት ሄደ? ዓባይ ደረቀ እንዴ? አልደረቀም። በሰከላ በኩል ከትንሽ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ዛሬም ወደ ጣና ይገባል። ጣናም ዛሬ ሐይቅ ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

አካባቢውን የሚያሳየን ወጣት በአጭር ቃል ነገረን፤ ውሃው አልጠፋም፣ ከላይ ነው የሄደው አለን። እውነት ነው። በ1950ዎቹ ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ ከገደሉ በላይ ውሃ ጠልፎ፣ መብራት አመንጭቶ፣ ከገደሉ በታች ይመልሰዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር ባለ በር ግድብ ቆመ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛውና ትልቁ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ተመረቀ። እርሱ ውሃውን የሚወስደው ከራሱ ከሐይቁ ነው። ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ፣ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በለስ ደግሞ ወደ ታች ሩቅ ሄዶ መልሶ ዓባይን ይቀላቀላል።

ገባችሁ? ውሃው ዓባይ ውስጥ ይገባል። ወደ ታች ይሄዳል። በዚህ ገደል ላይ ግን አያልፍም።

አሁን እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው መልእክት ፍሬው እዚህ ነው። ውሃውን ሌባ አልወሰደውም። ጠላትም አልወሰደውም። የተወሰደው ለመልካም ሥራ ነው። መብራት በረከት ነው። በጨለማ ለሚያጠና ተማሪ፣ ለምታዋልድ ሐኪም፣ ለወፍጮ ቤት በረከት ነው። ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነበው በዚያ መብራት ይሆናል። ስለ ግድብ ለመከራከር አይደለም ይህን ያነሣሁት። የምለው ይህን ነው፤ ውሃው ለመልካም ነገርም ቢሄድ፣ ከሄደ ገደሉ ይደርቃል።

እኛ ሰባኪዎች ስለ ድርቀት ስናስተምር ሁልጊዜ ኃጢአት ኃጢአት እንላለን። እውነት ነው፣ ኃጢአት ያደርቃል። መጠጡም፣ ዝሙቱም፣ ቂሙም ያደርቃል፤ ንስሐ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎች የደረቅነው በክፉ ነገር አይደለም፤ በመልካም ነገር ነው። ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ብለህ ትርፍ ሰዓት ጨመርህ፤ መልካም ነው። ውጭ አገር ያለሽው እህቴ፣ ቤሩት ወይ ዱባይ፣ ለእናትሽ ለመላክ ቀንና ሌሊት ትደክሚያለሽ፤ መልካም ነው። ዲግሪህን በማታው ክፍለ ጊዜ ትማራለህ፤ መልካም ነው። ኮሚቴው፣ ሕንፃው፣ የዕቁቡ ነገር፣ የለቅሶው፣ የሠርጉ፤ ሁሉም መልካም ነው! ማርታም በሉቃስ 10 ላይ ጌታን ለማብላት ነበር የምትባክነው። ማን ክፉ አደረገች ይላታል? ጌታ ግን በብዙ ነገር ትታወኪያለሽ አላት፤ በእግሩ ሥር የተቀመጠችውን ማርያምን ደግሞ አመሰገናት።

መልካሙ ነገር ውሃውን ከምንጩ አፍ ሲወስደው ማንም አይጮህም። ክፉ ነገር ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ትገሥጽህ ነበር። መልካም ስለሆነ ግን ሁሉም ያመሰግንሃል። እንዲህ እየተመሰገንህ ትደርቃለህ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገደሉን መጠገን ተዉ፤ ወደ ምንጩ ሂዱ። አስቡት፤ ጢስ ዓባይ ቀጠነ ብሎ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ዓለቱን ቢያስተካክል ውሃ ይመጣል? አይመጣም። ዙሪያውን አበባ ቢተክል፣ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ የፏፏቴ ድምፅ ቢያሰማስ? እኛ ግን ይሄን ነው የምናደርገው። ልባችን ሲደርቅ ድምፅ እንጨምራለን። አዲስ ኪቦርድ፣ አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ነቢይ ፍለጋ እንሮጣለን። ገደሉ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ገደሉ ያው ነው! ስጦታህ አልጠፋም፤ ድምፅሽም አልጠፋም። የጎደለው ከላይ ነው። በኤርምያስ 2 ቁጥር 13 እግዚአብሔር ሕዝቡን የከሰሰው በሁለት ነገር ነው፤ የሕይወት ውሃ ምንጭ የሆነውን እርሱን ትተዋል፣ ውሃ የማይዙ የተቀደዱ ጉድጓዶችንም ቆፍረዋል። ምንጩ ደረቀ አላለም። ተውኝ ነው ያለው።

ይስሐቅን ተመልከቱ፤ ዘፍጥረት 26። በአባቱ በአብርሃም ዘመን የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ መልሶ ቆፈራቸው፤ አባቱ በጠራቸው ስምም ጠራቸው። አዲስ ነገር አልፈለገም። ውሃው ከሥር እንዳለ ያውቃል፤ አፈሩን ማውጣት ብቻ ነው። ወንድሜ፣ አንተም የምታውቀው ጉድጓድ አለህ። ጌታን ያገኘህበት ያ ጓዳ፣ ያ የሌሊት ጸሎት፣ ያ ቃሉን የምታነብበት ማለዳ። ስሙን ታውቀዋለህ። ሄደህ ቆፍር።

ሁለተኛ፣ በሩን ማን እንደ ያዘው ጠይቁ። በጣና አፍ ላይ ያለው ግድብ በር አለው። የሆነ ሰው ይከፍተዋል፣ የሆነ ሰው ይዘጋዋል። ፏፏቴው ዛሬ ስንት ውሃ ያገኛል የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። የአንተን ቀን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው? ስልክህ ነው? አለቃህ ነው? ደንበኛህ ነው? ጠዋት ዓይንህን ስትገልጥ የመጀመሪያው ውሃ ወደ ማን ይሄዳል? እውነቱን ለራስህ መልስ፤ እኔ አልሰማህም።

በማርቆስ 1 ላይ ጌታችን ኢየሱስ ማታ ብዙ ሕመምተኞችን ፈወሰ። ሲነጋ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄደና ጸለየ። ስምዖን ተከታትሎ ደርሶ ሰዎች ሁሉ እየፈለጉህ ነው አለው። ሰዎቹ የሚፈልጉት ለመልካም ነገር ነው፤ ለፈውስ ነው! ጌታ ግን አብን ሳያናግር በሩን ለሕዝቡ አልከፈተም። በሐዋርያት ሥራ 6ም እንዲሁ ነው። መበለቶች ማዕድ ጎደለባቸው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የሚርባቸው ሰዎች አሉ። ሐዋርያት ግን ቃሉንና ጸሎትን ትተን ማዕድ አናገልግልም አሉ። መበለቶቹንስ ረሷቸው? አልረሷቸውም። መንፈስ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው ሥራውን ያዙ። መበለቶቹም በሉ፣ ምንጩም አልተዘጋ።

ሦስተኛ፣ ክረምትን ብቻ አትጠብቁ። እንግዳ ሰው ጢስ ዓባይን በነሐሴ ወይም በመስከረም ቢያየው ድሮም ዘንድሮም ያው ነው ሊል ይችላል፤ ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ይመጣልና። ብዙዎቻችን የኮንፈረንስ ክርስቲያኖች ነን። ኮንፈረንስ ሲሆን እናለቅሳለን፣ በልሳን እንናገራለን፣ ቃል እንገባለን። ከሁለት ወር በኋላ ያው ዓለት። ለክረምቱ እግዚአብሔር ይመስገን! መነቃቃትን አልንቅም፤ እጸልይለታለሁ። ነገር ግን ሚስትህ የምትኖረው ከበጋው ሰው ጋር ነው። ልጆችሽ የሚያድጉት በሚያዝያዋ እናት እጅ ነው። እግዚአብሔር የሰጠን መንፈስ በየወቅቱ የሚመጣ ጎርፍ አይደለም፤ በውስጣችን የሚኖር ምንጭ ነው።

ጋሼ የከፈሉት ዋጋ

ይሄ ሁሉ በአፍ ቀላል ነው። ዋጋ ግን አለው። ጋሼ ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ ሽማግሌዎችን አነጋግረው ከሦስቱ ኮሚቴዎች ሁለቱን ለወጣቶች አስረከቡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ይከፍቱት የነበረውን ሱቅ ሁለት ሰዓት ተኩል መክፈት ጀመሩ። አንዳንድ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ። አንዳንድ ወንድሞችም ጋሼ ቀዘቀዙ ብለው አሙአቸው። አያችሁ? መልካሙን ነገር ስትቀንስ ሰው ቀዘቀዘ ይልሃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ነበሩ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ተንበርክኬ እንቅልፍ ነበር የሚወስደኝ አሉኝ። ቢሆንም አልተዉትም። ከወራት በኋላ ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

«ገና ጅረት ነው ልጄ። ግን ከምንጩ ነው።»

ሃሌሉያ! ለእኔ ከአንድ ትልቅ የኮንፈረንስ ጩኸት ይህች ቃል ትበልጥብኛለች። ባለቤታቸው ደግሞ ስልኩን ተቀብለው፣ ፓስተር፣ በሩ ተዘግቷል፤ ደስ ብሎኛል አሉኝ። የትኛው በር እንደ ሆነ ገብቷችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ያን ቀን፣ ከገደሉ በታች ያለው ወንዝ አሁንም ይሄዳል ወይ ብለው ወጣቱን ጠይቀውት ነበር። እንዴታ፣ ዓባይ አይደል አላቸው። እውነት ነው፤ ውሃው በሌላ መንገድ ሄዶ ዓባይን ይቀላቀላል። የእግዚአብሔርም ሥራ እንዲሁ ነው። እኔና አንተ ብንደርቅ እግዚአብሔር አይቸገርም። መርዶክዮስ ለአስቴር ምን አላት? በዚህ ጊዜ ዝም ብትዪ ዕረፍትና መዳን ለአይሁድ ከሌላ ስፍራ ይነሣል አላት፤ አስቴር 4። ወንዙ አይቆምም። ጥያቄው በአንቺ ላይ ያልፋል ወይስ አያልፍም ነው። እኔ እንዲያልፍብኝ እፈልጋለሁ። አንተስ?

ከቶ ያልጠጣችሁ

ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ድሮም ውሃ ወርዶብህ አያውቅም። ይህች ትራክት በእጅህ የገባችው በአጋጣሚ መስሎህ ይሆናል። ሃይማኖት ታውቃለህ፣ በዓል ታከብራለህ፣ የእግዚአብሔርን ስም ትጠራለህ፤ ውስጥህ ግን ይነድዳል። ለአንተም ቃል አለኝ።

በዮሐንስ 7 ላይ የዳስ በዓል ነው። በዚያ በዓል ካህኑ ከሰሊሆም በወርቅ ማሰሮ ውሃ ቀድቶ በመሠዊያው ላይ ያፈስስ እንደ ነበር የአይሁድ ትውፊት ይናገራል። ሕዝቡ ያን ውሃ እያየ እልል ይላል። ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ሲፈስስ አይቷል፤ አንድም ሰው ግን ለነፍሱ አልጠጣም። በመጨረሻው፣ በታላቁ ቀን ኢየሱስ ቆመ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ የተጠማ ሁሉ ወደ እርሱ መጥቶ እንዲጠጣ ጠራ። በእርሱ ለሚያምን ከውስጡ የሕይወት ውሃ ወንዝ እንደሚፈስስ ተናገረ። ዮሐንስ ይህን ያለው ስለ መንፈስ ቅዱስ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ገንዘብ አምጡ አላለም። መጀመሪያ ንጹሕ ሁኑ አላለም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥማት። ተጠምተሃል? እንግዲያው ትችላለህ፤ ተጠርተሃል። ያ ጌታ በመስቀል ላይ ተጠማሁ ያለው አንተ እንድትጠጣ ነው። ስለ ኃጢአትህ ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ዛሬ ሕያው ነው። ባለህበት ሆነህ ልትጠራው ትችላለህ።

ወደ መዝሙራችን እንመለስና እናብቃ። ያ የተጠማ ዘማሪ በመጨረሻ ምን አደረገ? ነፍሱን አናገራት። ለምን ታዝኛለሽ ብሎ ጠየቃት፤ በእግዚአብሔር እንድትታመን ነገራት፤ ገና አመሰግነዋለሁ አለ። ገና! ገና አልጠጣም፤ ገና አርሞንዔም ላይ ነው። ግን ፊቱን ወደ ምንጩ አዞረ። ዛሬ ከአንተም ከአንቺም የሚጠበቀው ይሄው ነው። ነገ ጠዋት ስልኩን ሳትነካ፣ በሩን ዝጋና ተንበርከክ። አሥራ አምስት ደቂቃ ትሁን። እንቅልፍ ቢወስድህም ከነገ ወዲያ ድገመው። አንድ መልካም ነገር ደግሞ ቀንስ፤ የትኛው እንደ ሆነ አሁን ስታነብ ልብህ ነግሮሃል።

ፈቃዳችሁ ከሆነ አሁን አብራችሁኝ ጸልዩ።

አባት ሆይ፣ የሕይወት ውሃ ምንጭ አንተ ነህ። ስም ይዤ የደረቅሁበትን ቦታ ታውቀዋለህ። በመልካም ነገር ብዛት አንተን ወደ ኋላ አድርጌአለሁና ይቅር በለኝ። የቀኔን በር በእጅህ አስረክባለሁ፤ አንተ ክፈተው፣ አንተ ዝጋው። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ስለ ኃጢአቴ እንደ ሞትህና እንደ ተነሣህ አምናለሁ፤ ወደ አንተ እመጣለሁ፤ አጠጣኝ። መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ በበጋዬም በውስጤ ፍሰስ። በቤቴ፣ በልጆቼ፣ በጎረቤቶቼ ላይ ይትረፍ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ይህን ጸሎት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለይህ ወይም የጸለይሽ ካለህ፣ በአቅራቢያህ ወዳለች ወንጌል የሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ሂድና ለአገልጋዮቹ ንገራቸው፤ አብረውህ ይጸልያሉ። አንብበህ ስትጨርስ ትራክቷን አትጣላት፤ ለሌላ ለተጠማ ሰው ስጥልኝ። ጌታ ይባርካችሁ።